ልጄ ቆጮ የቀበረ ጊዜ

ሚስቱን የፈታ ወንድ መጀመሪያ የሚገዛው ስፒከር ነው። ለምን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ድስት የለውም፣ አንሶላው አንድ ነው፣ ካልሲው እንኳ ጥንዱ ጠፍቶበታል፤ ስፒከር ግን አለው። ቤቱ ጭር ሲልበት መዝሙር ይከፍትበታል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ሲያላዝን «ቤቱ ሞቅ አለ» ይላል። የሰው ልጅ እያማሁ እንዳይመስላችሁ። የማማው የራሴን ነው። እኔው ወልጄ፣ እኔው አሳድጌ፣ እኔው ድሬ፣ ትዳሩን ሲያፈርስ ደግሞ ከነስፒከሩ እኔው የተቀበልኩትን።

ስሙ ታሪኩ ነው። እዚሁ ዲላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ምን እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ነግሮኛል፤ እስከ ዛሬ ግን አልገባኝም። ከሚስቱ ከመሰለች ጋር ሲኖር ወደ ቤት የሚገባው ልጃቸው ከተኛች በኋላ ነበር፤ የሚወጣው ደግሞ ሳትነሳ። ሽማግሌ ተላከ፤ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ገቡበት፤ እኔም ጾምኩ ጸለይኩ። አልሆነም። መሰለች ልጇን ይዛ ወናጎ እናቷ ቤት ገባች። እሱም እኔ ጓሮ ካለችው አንዲት ክፍል ገባ።

ከዚያማ ምን ሆነ መሰላችሁ? አባት ሆነ! እኔ ሞኟ አባትነት ልጅ ሲወለድ የሚጀምር ነበር የሚመስለኝ። ለካ ትዳር እስኪፈርስ ይጠብቃል። አንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ከእኔ የሚጠይቅ ሰው፣ አሁን ፎቶዋን የስልኩ ፊት ላይ ለጥፎ ሲያዛጋ «ቤቴልዬ»፣ ሲያስነጥስም «ቤቴልዬ» ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወናጎ ሄዶ ያያታል ተባለ። አንድ ቀን እኔም ናፍቃኝ አብሬው ሄድኩ። መንገድ ዳር ካለ ጭማቂ ቤት ገብተን አቮካዶ ታዘዘ። ቤቴል ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ የእኔ፣ አፏ የእናቷ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። ሚኒባስ የሚያመልጠው ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

«ትምህርት እንዴት ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው።»

«ጎበዝ።»

ከዚያ ስልኩን አየ። እሷ መንገዱን አየች። እኔ ጭማቂዬን ጠጣሁ፤ የእሱንም ጠጣሁለት። ጭማቂው ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ፊቱ በርቶ፣ «ታዲያ ትምህርት እንዴት ነው?» አላት። በመመለሻችን መንገዱን ሙሉ «ዛሬ ጥሩ አወራን አይደል እማ?» ሲለኝ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ብዬ ልመልስ?

እሱም ቢሆን በሄደ ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ራሱን ያመዋል። ዝናቡን ግን ከሁሉ ይወደዋል። ጌዴኦ ውስጥ ዝናብን ምክንያት የሚያደርግ ሰው ለምን ከቤት ይወጣል? ዝናብ የማይዘንብበት ቀን እኮ እዚህ ወሬ ነው።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሊዘጋ ሲል መሰለች ደወለች። እኔም እንድሰማ ይሁን ለሰፈሩ፣ ታሪኩ ስልኩን ስፒከሩ ላይ አደረገው።

«እሺ፣ ለአንድ ሳምንት ትምጣ» አለችው። «ካልተመቻት ግን በማግስቱ እወስዳታለሁ። ከዚያ ወዲያ ላስገድዳት አልችልም፤ አንተም እንዳትጠይቀኝ። ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ደግሞ የገበያ ቆጮ እንዳትሰጣት፤ ሆዷን ይነፋታል። የእናቴን ዋሳ ነው የለመደችው።»

ዋሳ ማለት እኛ ጌዴኦዎች ቆጮን የምንጠራበት ስም ነው። «የእናቴን» ስትል ግን የወናጎዋን ሴትዮ መሆኑ ነው። የወናጎዋን ሴትዮ አልጠላም። ክርስቲያን ሰው አይጠላም። ግን ዋሳዋ ሲወራ ሰማይ ቤትም የሚቀርበው ከእሷ ጉድጓድ እየወጣ ይመስላል። እኔ እጄ እንሰት መፋቅ እንቢ ካለኝ ወዲህ ከገበያ ነው የምገዛው። ያን ቀን ይህ ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ። አያትነቴን አሳነሰችብኝ።

ታሪኩ ስልኩን ዘግቶ «እማ፣ እኔ ራሴ እሠራላታለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ዋሳውን። በገዛ እጄ።»

እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ ዘንድ ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይኮተኩታል። መፋቅ ሲጀመር ግን ዘወር ይላል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ሳንቃው ላይ ሰቅለው ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው ዝር አይልም። ነውሩ ለሁለቱም ነው። «የሰፈር ሴቶች ልጥራልህ» ስለው፣ «አይሆንም፣ አባቷ የሠራው መሆን አለበት» ብሎ ድርቅ አለ። ትዳሩ ላይ አንዲት ቀን እንዲህ ድርቅ ቢል ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ይህን ሐሳብ የሰጠው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሙሉጌታ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ከጎጃም መጥቶ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። እሱም ሚስቱን ፈቷል፤ ስፒከርም አለው። ሁለት ልጆቹ ከእናታቸው ጋር አገር ቤት ናቸው፤ በስልክ በቪዲዮ ያሳድጋቸዋል። ኔትወርክ ሲቆረጥ አባትነቱም አብሮ ይቆረጣል። ዲላ የመጣ ሰሞን ቆጮ ሲቀርብለት የመኪና ምንጣፍ መስሎት እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። የልጄ አማካሪ እንግዲህ ይሄ ነው።

«እማማ፣ ልጅ የሚፈልገው የአባት ድካም ነው» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

«አንተ ለልጆችህ ምን ደክመህላቸዋል?» አልኩት።

«እኔ ቻርጅ ጨርሼ አላውቅም» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ጓሮ ገቡ። ቡና ዛፎቹ መሃል ጥቂት እንሰት አለኝ። ከሁሉም ውስጥ የትኛውን ጣሉት በሉኝ? ለመድኃኒት ያቆየሁትን! አጥንት የተሰበረ ሰው ሥሩን ቀቅሎ የሚበላው ዘር ነው፤ ሰፈርተኛው በሙሉ ዓይኑን ጥሎበት፣ «እኔ ስወድቅ» እያለ በልቡ ይዞት ነበር። ወድቆ ሳየው ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምቶ ሰው መጣ። እንሰቱ መውደቁ ሲሰማ ደግሞ አካሉን የሚያመው ሁሉ መጣ። በሞተር ሳይክል የወደቀ፣ ከቡና ዛፍ የወደቀ፣ ከምንም ሳይወድቅ ወገቡን የሚያመው። ጓሮዬ በአንካሳ ተሞላ። አንዱማ እየሮጠ መጥቶ በር ላይ ሲደርስ ማነከስ ጀመረ። ሥሩን ቆራርጠን አደልነው።

መፋቁ ላይ ልጄ የመሥሪያ ቤት ሸሚዙን ለብሶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ተቀመጠ። የቀርከሃ መፋቂያውን ገልብጦ ነው የያዘው። አንዴ ሲፍቅ ውኃው ዓይኑ ውስጥ፣ አንዴ ሲፍቅ አፉ ውስጥ። ሙሉጌታ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ስፒከሩ ይጮኻል። በአጥሩ ላይ የሴቶች ራስ እንደ ጎመን ተደረደረ። ከፊት ያለችው ጎረቤቴ ዳርምየለሽ ናት፤ ምላሷ ከመፋቂያ ይብሳል።

«ታሪኩ!» አለችው፤ «ሚስት ብታጣ ራስህ ሚስት ሆንክ እንዴ?»

«ሥራ ክቡር ነው እትዬ!»

«ክቡር ነው። ታዲያ መሰለች ስትሠራው ለምን ዞር ብለህ አላየኸውም?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እናቱ መሆኔ ትዝ ሲለኝ አቆምኩ።

በቀኑ መጨረሻ ላይ ከቆጮው ይልቅ ሸሚዙ ላይ የቀረው ይበልጥ ነበር። ያም ሆኖ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኮባ አንጥፎ፣ የፋቀውን ቀብሮ፣ ድንጋይ ጭኖ ጨረሰ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምንም አልነበረም። ቆጮ ከተቀበረ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እንዲተዉት። አየር ሳይገባው፣ ውኃ ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ ይብላላል።

ልጄ ግን መተው አልቻለም። በማግስቱ ጠዋት ጥርሱን ሳይፍቅ ሄዶ ከፈተው። አሸተተ። ከደነ። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ከሥራ ሲመለስም ጫማውን ሳያወልቅ ጓሮ ነው። ዝናብ ሲያወርደው ጃንጥላ ይዞ ጉድጓዱ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ጃንጥላው ለጉድጓዱ ነው፣ እሱ ይበሰብሳል።

«አንተ ልጅ፣ ተወው! እንዲህ ስትከፍተው ይበላሻል!»

«እንዳይበላሽ እኮ ነው የማየው እማ።»

ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ቆጮው ገና ነው። ሙሉጌታ ከሱቅ የዳቦ እርሾ ገዝቶ መጣ። «ዳቦን ያቦካ ቆጮን ምን ይከለክለዋል?» ብሎ ነሰነሰበት። ታሪኩ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ከመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሌላ እርሾ ለምኖ አመጣና ጨመረ። እኔስ? እኔማ አዋቂ ነኝ። የወናጎዋ ሴትዮ ዓይኔ ላይ ድቅን እያለችብኝ ከዳርምየለሽ አንድ ጭብጥ የቆጮ እርሾ ተበድሬ፣ ሁለቱም በሌሉበት፣ ድንጋዩን አንስቼ ጨመርኩ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የገባው እርሾ ዲላን ከነዩኒቨርሲቲዋ ያቦካ ነበር።

ጉድጓዱ መተንፈስ ጀመረ። እውነቴን ነው። ድንጋዩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንዷ ዶሮዬ እላዩ ላይ ቆማ ጥሬ ስትፈልግ ከሥሯ ብድግ ሲልባት ጮሃ አጥር ዘለለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጓሮ ረግጣ አታውቅም። ሽታው ደግሞ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ «እማማ፣ ሽንት ቤታችሁ ሞልቷል እንዴ?» አለኝ። የረቡዕ ጸሎት ላይ እኅቶች «ምን እንጸልይልሽ?» ሲሉኝ «ለጓሮዬ» አልኩ። ርኩስ መንፈስ የገባበት መስሏቸው በአንድ ድምፅ ገሠጹት።

የምትመጣበት ቀን ደረሰ። እኔ ብልጧ ከገበያ ቆጮ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደበቅሁ። ታሪኩ መናኸሪያ ሄዶ በባጃጅ ይዟት መጣ። ልክ ከበር ስትገባ ሙሉጌታ የእንኳን ደህና መጣሽ መዝሙር በስፒከሩ ለቀቀባት። ልጅቷ ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች። መዝሙሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ጊዜ ሽታው ገባ።

ቤቴል አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ ከጀርባዋ አልወረደም። አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

«አያቴ፣ ምንድን ነው የሞተው?»

አባትየው ቀደመኝ። «ምሳሽ ነው» አላት።

ጉዳችን ፈላ። ደበቅሁ ያልኩትን ላወጣ ብድግ ስል እሷ ቀድማኝ ተነስታ ሽታውን እየተከተለች ጓሮ ወጣች። እኛም እንደ ቀብር ሰው ከኋላዋ ተከተልናት። ታሪኩ መንገድ ላይ ሁሉ ያወራል፤ ብቻውን እንደፋቀ፣ እጁ እንደላጠ፣ ሴቶች እንደሳቁበት። ድንጋዩን አንስቶ ኮባውን ገለጠ። እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ። ጠቁሯል፣ አረፋ ደፍቋል፣ ትል ወጥቶበታል።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። የወናጎዋ ሴትዮ መቼም አስተምራታለች፤ ይህን አልክድም።

«ስንት ጊዜ ከፈትከው?» አለችው።

«ጠዋት ጠዋት… ማታ ማታም» አለ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ» አለ፤ ደስ ሊላት መስሎት።

«ዝናብ ሲዘንብስ?»

«ጃንጥላ ይዤ!» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ የእኔ ነው ብያችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የእኔ ባልሆነ ብዬ ተመኘሁ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዝናብ ነው ትለኝ ነበር።»

ሙሉጌታ ስልኩን እያየ ወደ አጥሩ ሸሸ። ልጄ ድንጋዩን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። ስልኩን አላወጣም። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ።

«ጉድጓዱ ዝም ሲለኝ አይከፋኝም» አለ ድንጋዩን እያየ። «አንቺ ዝም ስትዪኝ ግን… ምን እንደምልሽ አላውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ እመጣና ስደርስ ይጠፋኛል።»

«ትምህርት እንዴት ነው ብቻ ነው የምትለኝ።»

«እሱ ነው የሚመጣልኝ።»

«ሁለት ጊዜ ትለኛለህ።»

«አውቃለሁ።»

ቤቴል እጇን ዘረጋች። «ስልክህን ስጠኝ። እማዬ ጋ ልደውል።»

ሰጣት። መሰለች ያለችው ትዝ አለኝ፤ በማግስቱ እወስዳታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳትጠይቀኝ። በቃ አልኩ በልቤ፤ የልጅ ልጄን በአንድ ጉድጓድ ቆጮ ቀበርኳት። አንዱ ጭብጥ እርሾ የእኔ ነው እኮ!

«እማ፣ ደርሻለሁ» አለች። «አባዬ ዋሳ አበላሽቷል። … አይ፣ አልገዛም፣ ራሱ ነው የፋቀው። … አዎ፣ ራሱ! … ሸሚዝ ለብሶ። … እማ? እማ፣ ለምን ትስቂያለሽ?»

ስፒከር አላስፈለገም፤ የመሰለች ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ ጓሮውን ሞላው። ከተፋቱ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። ታሪኩ አንገቱን ደፍቶ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ፤ ጥፊ ይከተለው እንደሆን እንደሚጠብቅ ሰው።

«አይ፣ ነገ አትምጪ» አለች ልጅቷ። «ሌላ መሥራት አለብን። ሥራ ከሌለ ከእሱ ጋር ምን አወራለሁ?»

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደች። የምታስቀምጥበት ደረቅ ቦታ ብታጣ ለሙሉጌታ አስያዘችው። ሰውዬው ደነገጠ፤ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ እስኪመሽ ድረስ የሚቀበለው አጥቶ ቆመ። ያን ማታ ልጆቹ ጋ ደውሎ ብዙ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ኔትወርኩም አልተቆረጠበትም።

የደበቅሁትን ቆጮ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ ጋግሬ ለምሳ አቀረብኩ። አንዴ እንደጎረሰች «ይሄ የገበያ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ነው የኔ ልጅ። ሆድሽን ያምሻል እንዴ?»

«አያመኝም። የወናጎ አያቴም እጇን ሲያማት ትገዛለች፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች እንጂ።»

ያን ቀን ምሳ እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግራችሁ አልችልም።

በማግስቱ ዳርምየለሽ ሴቶቹን ይዛ መጣች። ታሪኩ ሌላ እንሰት ጣለ፤ ይሄን ጊዜ እኔው በጣቴ አሳይቼው። መፋቁ ሲጀመር «አንተ ወዲያ!» ተባለ፤ ሄዶ ኮባ አጠበ። ቤቴል ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ትፍቃለች፤ በየመሃሉ ወደ እሱ ቀና ብላ «አባዬ፣ ውኃ! አባዬ፣ ቢላዋ!» እያለች ታዝዘዋለች። እሱ ይሮጣል። ትምህርት እንዴት ነው ለማለት ጊዜም አላገኘ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሲጣሉ፣ ሲሟገቱ፣ ዝናብ ሲመታቸው ከረሙ። የድሮው ብላሽ ቡና ሥር ተደፋ፤ ቡናው ምን እንደሚሆን በመኸር እናያለን።

በምትሄድበት ቀን የመጨረሻውን ድንጋይ ራሷ ጫነችው። ከዚያ ሁላችንንም አሰልፋ ተናገረች።

«እስከ መስከረም ማንም እንዳይነካው። የምከፍተው እኔ ነኝ። መጥቼ።»

«መጥተሽ?» አለ ታሪኩ።

«ታዲያ በስልክ ይከፈታል?» አለችው።

ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በዝናብም ወናጎ ይሄዳል፤ ጃንጥላውን ለራሱ ይይዛል። ገና ከሚኒባስ ሳይወርድ «ከፈትከው?» ብላ ትጠይቀዋለች አሉ። እንደከፈተው ከሽታው አውቃለሁ ብላ እጁንም ታሸታለች። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ምን እንደሚያወሩ ጠይቄው «ስለ ድንጋዩ» አለኝ። ይሁን። እኔ የማውቀው ባልና ሚስት ብዙው ስለ ድንጋይ እንኳ ሳያወራ ነው የሚኖረው።

ጉድጓዱ አጠገብም አይደርስም። ወንበሩን ጀርባውን ወደ ጓሮው አዙሮ ነው የሚቀመጠው። መተው መቻል ይህን ያህል ከባድ መሆኑን በእሱ ዕድሜ መማሩ ያሳፍራል፤ ግን ተማረ።

ችግሩ እኔ ነኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ታሪኩ ክፍሉ ውስጥ ስልክ እያወራ፣ እኔ ጓሮ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ልከፍተው አይደለም። የኮባውን ጫፍ ብቻ፣ በአንድ ጣት፣ የወናጎዋን ሴትዮ ያስከነዳ እንደሆን ሽታውን ላይ ብዬ ነው። ድንጋዩን ጠጋ እንዳደረግሁት ልጄ በመስኮት ያየኝ መሰለኝ። ወዲያው ከክፍሉ ያ የተረገመ ስፒከር አንባረቀ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«አያቴ! እጅሽን ከጉድጓዱ አንሺ!»

የቤቴል ድምፅ ነው፤ ከወናጎ።

«ዶሮ እያባረርኩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ዶሮዋ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።